0.771፦ ተማሪ ሁሉ የሚሸሸው ትምህርት ያጋለጠው ቁጥር

ሳይኮሎጂ ሊማር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ስለ ሰው ነው። ሰው ለምን ይጨነቃል? ለምን ይዋሻል? ልጅ የሚወጣው በወላጁ ነው ወይስ በአሳዳጊው? የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው፦ አማካይ፣ ናሙና፣ መላምት፣ ኮሪሌሽን፣ ቲ-ቴስት። ከሒሳብ ሸሽቶ ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠው ተማሪ፣ ሒሳብ ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል። "ይሄ ከሰው ነፍስ ጋር ምን አገናኘው?" ብሎ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም።

መልሱ ያለው በሙያው ታሪክ ውስጥ ነው። ታሪኩም ከቀመር ይልቅ የችሎት ወሬ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1879 ቪልሄልም ቩንት የተባለ ጀርመናዊ ላይፕዚግ ከተማ ውስጥ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ ከፈተ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ ከነበሩት ዘዴዎች አንዱ፣ የሠለጠነ ታዛቢ ወደ ገዛ አእምሮው ተመልክቶ ያየውን እንዲናገር ማድረግ ነበር። ችግሩ ብዙ ሳይቆይ መጣ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጀርመን የቩርትስቡርግ ተመራማሪዎች "ምስል የሌለው ሐሳብ አለ" አሉ። በአሜሪካ የኮርኔሉ ኤድዋርድ ቲችነር "የለም" አለ። ሁለቱም የሠለጠኑ ምስክሮች ነበሯቸው። የአንዱን አእምሮ ሌላው ገብቶ ሊያየው ስለማይችል፣ ማን እንደተሳሳተ የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ክርክሩ ዳኛ አጣ።

ዳኛው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው፤ ከቢራ ፋብሪካና ከእርሻ ማሳ።

ዊሊያም ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነበር፤ ከጥቂት ናሙና ተነሥቶ ስለ ብዙው ምን ያህል በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል? መልሱን በ1908 ሲያሳትም ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲጽፉ ስለማይፈቅድ፣ "ስቱደንት" ማለትም "ተማሪ" በሚል የብዕር ስም ወጣ። ዛሬ ተማሪን የሚያስጨንቀው ቲ-ቴስት "የተማሪ" ተብሎ መጠራቱ ከዚያ የመጣ ነው።

ሮናልድ ፊሸር ደግሞ ሮታምስቴድ በተባለው የእንግሊዝ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የማዳበሪያና የሰብል ሙከራዎችን ይመረምር ነበር። በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት ምሳሌ እስካሁን ይነገራል። አንዲት ሴት ወተት ያለበትን ሻይ ቀምሳ፣ ቀድሞ የተቀዳው ወተቱ ይሁን ሻዩ መለየት እንደምትችል ትናገራለች። ፊሸር አላፌዘም፣ አላመነምም። 8 ስኒ ይቅረብላት፤ 4ቱ ወተት የቀደመባቸው፣ 4ቱ ሻይ የቀደመባቸው፤ ቅደም ተከተላቸው በዕጣ ይቀላቀል። እንዲያው በግምት ብቻ ሁሉንም የማግኘት ዕድሏ ከ70 አንድ ነው። ሁሉንም ካገኘች "አጋጣሚ ነው" ማለት ይከብዳል።

የስታቲስቲክስ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ "ይህ እንዲያው በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም ወይ?" ብሎ መጠየቅ። ፊሸር ቀደም ሲል በ1925 ለዚህ ጥያቄ ከ20 አንድን እንደ አመቺ ድንበር ጠቁሞ ነበር። ሳይኮሎጂም ተቀበለው፤ በ1950ዎቹ የሙያው መጽሔቶች ዋና መለኪያ ሆነ።

ይህ ትምህርት ምን እንደሚጠቅም ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን የሲሪል በርት ጉዳይ ነው።

በርት የሙያው ታላቅ ሰው ነበር። በ1946 "ሰር" የሚለውን የክብር ማዕረግ ሲያገኝ፣ ከእንግሊዝ ሳይኮሎጂስቶች የመጀመሪያው ነበር። የማሰብ ችሎታ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው ይላል። ማስረጃዬ የሚለው ደግሞ ተለያይተው ያደጉ መንትዮችን ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ልጆች 11 ዓመት አካባቢ ተፈትነው ወደ ተለያየ ትምህርት ቤት ይመደቡ ነበር። የፈተናው ፈጣሪ በርት ብቻ አልነበረም፤ የእርሱ ቃል ግን "ልጁ ገና በ11 ዓመቱ ይታወቃል" ለሚሉት ምርኩዝ ነበር። በ1969ም አሜሪካዊው አርተር ጄንሰን በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች ውጤት መካከል ላለው ልዩነት የዘር ድርሻ እንዳለው ሲከራከር፣ ከዋና ዋና ማስረጃዎቹ አንዱ የበርት መንትዮች ነበሩ።

በርት በ1971 ሞተ። በዓመቱ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሊዮን ካሚን የተባለ ሳይኮሎጂስት፣ ተማሪው ወትውቶት የበርትን ጽሑፎች ማንበብ ጀመረ። የካሚን ሥራ ከዚያ በፊት በእንስሳት የመማር ባሕርይ ላይ እንጂ በአይ ኪው ላይ አልነበረም። ቁጥሮቹን ግን አነበበ። በርት በ1955 ተለያይተው ያደጉ 21 ጥንድ መንትዮች አሉኝ ይላል፤ ዝምድናው 0.771። በ1958 ከ30 በላይ፤ ዝምድናው 0.771። በ1966 ደግሞ 53፤ ዝምድናው አሁንም 0.771። አብረው ያደጉት ሦስቱንም ጊዜ 0.944።

ጆንያ ላይ እህል እየጨመሩ ሚዛኑ ፍንክች ሳይል ሲቀር ማንም ነጋዴ ሚዛኑን ይጠረጥራል። ናሙና ሲያድግ ቁጥር ትንሽም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። እስከ ሦስተኛው አሃዝ ድረስ ደጋግሞ መግጠም የተፈጥሮ ጠባይ አይደለም። ካሚን ትችቱን በ1974 በመጽሐፍ አወጣ። በ1979 የበርት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሌስሊ ሄርንሾው ማስታወሻዎቹን መርምሮ መረጃው ተፈብርኳል ሲል ደመደመ። ኋላ ለበርት የተከራከሩ ሰዎች ተነሥተው ስህተቱን ከተንኮል ይልቅ በግድየለሽነት ያስረዱ ነበር። በእነዚያ ቁጥሮች ላይ መደገፍ እንደማይቻል ግን ሁለቱም ወገን ሊክደው የሚችል አልነበረም።

ይህን ሁሉ ዓመት እነዚያ ቁጥሮች ተደብቀው አልነበሩም። ታትመው ነበር፤ ተጠቅሰው ነበር፤ ተመስግነው ነበር። የጎደለው መረጃ ሳይሆን ቁጥርን እንደ ጌጥ ከማየት ይልቅ የሚጠይቅ አንባቢ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ዳኛውም ሊታለል ይችላል። በ2011 ዳሪል ቤም የተባለ ሳይኮሎጂስት ሰው ገና ያልመጣውን ነገር አስቀድሞ ይሰማዋል የሚሉ 9 ሙከራዎችን በከፍተኛ መጽሔት አሳተመ። ዘዴው የተለመደው ዘዴ ነበር፤ ያስደነገጠውም ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ሦስት ተመራማሪዎች ሆን ብለው የተለመዱትን አቋራጮች ተጠቅመው፣ የቢትልስን ዘፈን መስማት ዕድሜን በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቀንሳል የሚል "ውጤት" አወጡ። ዘዴያቸውንም ገለጡት፦ ብዙ ነገር መለካት፣ የፈለጉት ሲገኝ ማቆም፣ ያልሠራውን አለመንገር። በ2015 ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 ጥናቶችን ደገሙ። መጀመሪያ ከ100ው 97 ያህሉ ድንበሩን ያለፉ ነበሩ፤ ሲደገሙ ያለፉት 36 በመቶ ብቻ ሆኑ።

አንዳንዱ ይህን ሰምቶ "እንግዲህ ሳይኮሎጂ ከንቱ ነው" ይላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። የራሱን ጉድ በራሱ ሚዛን መዝኖ ለአደባባይ ያወጣ ሙያ ብዙ አይደለም። ያወጡትም ከውጭ የመጡ ጠላቶች ሳይሆኑ፣ ያንን አሰልቺ ኮርስ ከቁም ነገር የቆጠሩ የሙያው ልጆች ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመቱ ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ከፈተና በኋላ ቢረሳው፣ የሚረሳው ሒሳብ ብቻ አይደለም። "ጥናት አረጋግጧል" የሚለው ሐረግ በየስልኩ በሚመላለስበት ዘመን፣ ስንት ሰው ተጠየቀ? ከማን ጋር ተነጻጸረ? ያልሠራው ሙከራ የት ገባ? ሌላ ሰው ደግሞት አገኘው? ብሎ የመጠየቅ አቅሙን ነው የሚጥለው። ሰው ስለ ሰው የሚናገረው ቁጥር አንድ ቀን የአንድን ልጅ ትምህርት ቤት ይወስናል። 0.771ን ያነበቡ ብዙ ነበሩ፤ ቆም ብሎ የጠየቀው ግን ዘግይቶ ነው የመጣው።