የካርቶን ጎጆ፦ ከምግብ ማሸጊያ የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች በጣና ዳርቻ

ከምግብ ማሸጊያ የሚሠራ ትንሽ ቤት የፓስታ፣ የብስኩት፣ የሻይ ቅጠል ወይም የዘይት ካርቶን ተቆርጦ፣ ተጣጥፎና በሙጫ ተያይዞ የሚወጣ የቤት አምሳያ ነው። ልጆች በየሰፈሩ ለጨዋታ ይሠሩታል፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ከአካባቢ ቁሳቁስ ከሚዘጋጁ መርጃ መሣሪያዎች ጋር ይመደባል፤ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችም ንድፋቸውን በካርቶን ሞዴል ያሳያሉ። ስለ ሥራው ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ጥቅም ቆሻሻን መቀነሱ ነው፤ ይህ ግን ከጥቅሞቹ ሁሉ ደካማው ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የካርቶን ቤት ዋጋው የሚመጣው ከሚመስለው ቤት ነው። የሐይቁ ዳር ሰው ለዘመናት በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ሲሠራው የኖረው ክብ ቤት እንዴት እንደሚቆም በእጅ ያስተምራል፤ እየተመናመነ ያለ የግንባታ ዕውቀትንም በትንሽ መጠን መዝግቦ ያቆያል።

በሌላው ዓለም የወረቀት ቤት የቆየ ሥራ ነው። በፈረንሳይ የኤፒናል ከተማ አታሚዎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተቆርጠው የሚገጣጠሙ ሕንፃዎችን በወረቀት ላይ አትመው ይሸጡ ነበር፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጃፓን ለአሜሪካ የገና ገበያ የካርቶን ቤቶችን ትልክ ነበር። ለገና ከተላኩት አብዛኞቹ ቀጥ ያለ ግድግዳና ወደ ሁለት ወገን ያዘቀዘቀ ጣራ ነበራቸው፤ ሳጥን ለዚህ ዓይነት ቅርጽ ይመቻል። ያንን ንድፍ እንዳለ አምጥቶ ባሕር ዳር ላይ መሥራት ይቻላል፤ ሠሪው ግን ሳጥኑን መልሶ ሳጥን ከማድረግ ያለፈ ነገር አይማርበትም።

ክብ ቤት ሲሠራ ነገሩ ይለወጣል። ጎጆ የሚሠራ ሰው መሬት ላይ ችካል ተክሎ በገመድ ክብ ያሰምራል፤ በመስመሩ ላይ እንጨቶችን አቁሞ ይተክላል፣ ማገሩን አግድም በልጥ ያስራል፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመርገዋል። የዘይት ወይም የብስኩት ማጓጓዣ የሆነው ወፍራም ካርቶን በሁለት ወረቀቶች መካከል የተኛ ሞገዳማ ወረቀት አለው፤ ካርቶኑ ሲደራረብ ክብደት እንዲሸከም የሞገዱ ቦዮች ሽቅብ ይቆማሉ። ያው ካርቶን ተጠቅልሎ ክብ ግድግዳ እንዲሆን የሚፈቅደውም ቦዮቹ ሽቅብ ሲቆሙ ብቻ ነው፤ አግድም ከሆኑ እየተሰበረ ይጨማደዳል። ስለዚህ ትክክለኛው የካርቶን ግድግዳ እንደ ትክክለኛው የጎጆ ግድግዳ የቆሙ ዘንጎች ይሸከሙታል፤ በላዩ ዙሪያውን የሚለጠፉት ቀጫጭን ቁራጮችም የማገሩን ሥራ ይሠራሉ። የፓስታና የሻይ ካርቶን ሌላ ዓይነት ነው፤ በውጭ በኩል ያለው የሚያብረቀርቅ ልባስ ሙጫ በደንብ አይቀበልም፣ የውስጡ ግራጫ ፊት ግን ይቀበላል። ማስታወቂያውን ወደ ውስጥ ገልብጦ ግራጫውን ወደ ውጭ ማውጣት ሙጫውንም ያጠብቃል፣ ለምርጊቱም ቀለም ይቀርባል።

ጣራው ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ክፍል ነው። የሣር ክዳን ዝናቡን ሳያስገባ እንዲያንሸራትት ተዳፋቱ ወደ 45 ዲግሪ መጠጋት አለበት፤ የጣናን አካባቢ ክረምት የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ይህን ቁልቁለት በካርቶን ለማግኘት 12 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ተሠርቶ ወደ 105 ዲግሪ የሚሆን ቁራጭ ይወጣለትና ጫፍና ጫፉ ይገጠማል። የሚገኘው ሾጣጣ ከታች 8.5 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ፣ ቁመቱም ያንኑ ያህል ይሆናል። ግድግዳው 7 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ካለው 44 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ይበቃዋል፤ ጣራው በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ታዛ ይተርፈዋል። ታዛ የሌለው ጎጆ ምርጊቱ በዝናብ ስለሚታጠብ ይህች ትርፍ ለጌጥ የተጨመረች አይደለችም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደረቅ የሚመስለው የክብና የሾጣጣ ስሌት እዚህ ላይ ለምን እንደሚያስፈልግ ይታያል።

የዘጌ ልሳነ ምድርና የጣና ደሴቶች አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ ከፍ ያለ ችግር ያቀርባሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን በመሰለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውጪያዊው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎም ቅድስት ክብ ናቸው፤ በመካከል ያለውና ሥዕል የተሞላው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው። ሳጥን ሳይቆረጥ የሚገባበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው፤ አንድ ያልተፈታ የሻይ ካርቶን መሐል ላይ ሲቀመጥ ከውጭ ሾጣጣ ጣራ ብቻ የሚታየው ሕንፃ በውስጡ ሁለት ዓይነት ቅርጾችን እንዴት እንዳስማማ ይገለጣል። ጣራው እንዲነሣ ሆኖ ሲሠራ ተማሪው ከሥዕሎቹ ባሻገር የሕንፃውን አሠራር ያያል። ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም፤ የጎንደሩ ፋሲል ግንብም በካርቶን ሲሠራ ውጪውን ከመምሰል አልፎ ይህን ያህል ምስጢር አይገልጥም።

በዚህ ሥራ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው፣ ከመጣል የሚድነው ቆሻሻ እጅግ ጥቂት ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ንጹሕ ካርቶን እንዲያውም ገዢ አለው፤ ቆራሌው ይሰበስበዋል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕግ የሚጠይቀው የከተማ አገልግሎትም በዕደ ጥበብ አይተካም። ይሁንና ይህ ክርክር የሚያፈርሰው ሥራውን በኪሎ የሚመዝነውን ሰው ብቻ ነው። ለአንድ ጎጆ የሚበቃው ሁለት ወይም ሦስት ካርቶን ነው፤ ጥቅሙ የሚለካውም ሠሪው በተረዳው መጠን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው፤ የሐይቁ እውነተኛ የእጅ ሥራ ደንገል ሆኖ ሳለ ካርቶን ለምን ይገባል? የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከዚህ ተክል ታንኳ በመሥራት ይታወቃል፤ ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ የደንገል ታንኳዎችም የባሕር ዳር መለያ ናቸው። ካርቶን ይህን ገበያ ሊሻማ አይገባውም፤ በትንሹ ታንኳ ምትክ የካርቶን ታንኳ መሸጥም ነውር ነው። ነገር ግን ቤት ከደንገል ታንኳ ሌላ ነገር ነው፣ የራሱም የአሠራር ሕግ አለው። በተጨማሪም ደንገሉ በእርሻ መስፋፋትና በአጨዳ ብዛት ከዳርቻው እየሸሸ ነው፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ለተማሪ መለማመጃ ይህን ተክል ከማጨድ የተጣለ ካርቶን መቁረጥ ይሻላል።

ካርቶን እርጥበት ያበሰብሰዋል፣ የዱቄት ሙጫም ነፍሳት ይጠራል የሚሉም አሉ። በሐይቁ ዳር ግን ዕቃ ለዘለዓለም ተብሎ አይሠራም፤ የደንገል ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ በአዲስ ይተካል፣ የሣር ክዳንም ይታደሳል። ዕውቀቱ የኖረው ዕቃው ስለጸና ሳይሆን ደጋግሞ የሚሠራው ሰው ስላለ ነው። አሁን ያሠጋው ነገር ድግግሞሹ መቋረጡ ነው። ቤተሰቦች ወደ ቆርቆሮ ጣራና ወደ አራት ማዕዘን ቤት መዞራቸው አይነቀፍም፤ ቆርቆሮ በየጊዜው ክዳን ከማደስ ያሳርፋል፣ እሳትም እንደ ሣር አይበላውም። ሰው ወደ ሣር ክዳን ይመለስ ማለት ተገቢ ባይሆንም፣ አያቶቹ የሚያውቁትን ሳያውቅ ይደግ ማለትም ተገቢ አይደለም። በባሕር ዳር፣ በዘጌና በደቅ ደሴት የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ሥራ ሲያሠሩ ተማሪዎቻቸውን መጀመሪያ ወደ አንድ የቆመ ጎጆ ይውሰዱ፤ ወርዱንና ቁመቱን ያስለኩ፣ የምሰሶውን፣ የማገሩንና የወራጁን ስም ከባለቤቱ አፍ ያስጽፉ፣ ልኩንም በካርቶኑ ቤት ወለል ሥር ያስመዝግቡ።