«እኔ እገሌ ነኝ» ላለ ሁሉ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የብዙ መሥሪያ ቤቶች የኢሜይል ሰርቨር ከኢንተርኔት የሚገናኘው በሞደም ሲደውል ብቻ ነበር። እስከዚያው የመጣው መልእክት አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ወረፋ ይይዛል። ታዲያ ደዋዩ የደብዳቤው ባለቤት ለመሆኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው?

በ1982 የወጣው «ተርን» የተሰኘ ትእዛዝ ማረጋገጫ አልነበረውም። «እኔ እገሌ ነኝ» ላለ ሁሉ በዚያው መስመር ያስረክባል። የሰው ፖስታ ሣጥን ያለ ቁልፍ እንደመክፈት ነው! ስንፍና ግን አይመስለኝም፤ ያኔ አውታሩ ላይ የነበሩት በአብዛኛው እርስ በርስ የሚተማመኑ ተመራማሪዎች ነበሩ።

በ1996 «ኢቲአርኤን» መጣ። ይኸኛው ደዋዩን አያምንም፤ በስሙ ወደተመዘገበው አድራሻ ራሱ አዲስ ግንኙነት ከፍቶ ያደርሳል። አድራሻው በየጥሪው ለሚለዋወጥበት ደንበኛ ግን አልሆነም። ለዚህኛው በ1999 «ኤቲአርኤን» ወጣ፦ እንደ ጥንቱ በዚያው መስመር ያስረክባል፤ አስቀድሞ ግን የይለፍ ቃል ይጠይቃል።