በታሪክ ፊልም ውስጥ የባሮክ ሙዚቃና የዘመናችን ድርሰት ስለ መቀላቀላቸው

የታሪክ ፊልም በሚታይበት ጊዜ ተመልካች ልብሱን፥ ሠረገላውንና የቤቱን ዕቃ ይመረምራል። በ1700 በሚኖር መኰንን ክንድ ላይ የእጅ ሰዓት ቢታይ አዳራሹ በሙሉ ይሥቃል። ነገር ግን በዚያው ፊልም ውስጥ ከመቶ ዓመት በኋላ የተደረሰ ሙዚቃ ቢሰማ የሚሥቅ የለም፤ እንዲያውም አብዛኛው ሰው የዘመኑ ሙዚቃ ነው ብሎ አምኖ ይወጣል። በጽሑፍ ሰነድ ላይ የምናቀርበውን ጥያቄ፥ ይኸውም መቼ ተጻፈ፥ ማን ገለበጠው፥ ማንስ ጨመረበት የሚለውን፥ በፊልም ሙዚቃ ላይ ብናቀርበው ምን እንደሚገኝ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከት እንወዳለን። ጥያቄው ከንቱ አይመስለንም፤ ስላለፈው ዘመን ከመጽሐፍ ይልቅ ከፊልም የሚማረው ሰው እጅግ ብዙ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ባሮክ የሚሉት ዘመን በግምት ከ1600 እስከ 1750 ያለው ነው። በኢጣልያ ሞንቴቨርዲና ቪቫልዲ፥ በፈረንሳይ ሉሊና ራሞ፥ በእንግሊዝ ፐርሰል፥ በጀርመን ባክ፥ እንዲሁም በጀርመን ተወልዶ በለንደን የኖረው ሄንደል በዚህ ዘመን የተነሡ ናቸው። በዚያ ጊዜ ደራሲው በወረቀቱ ላይ ሁሉን ነገር አይጽፍም ነበር። የላይኛውን ዜማና የታችኛውን ወፍራም ድምፅ ይጽፍና በመካከል ያለውን በቍጥር ምልክት ብቻ ያመለክታል፤ ሃርፕሲኮርድ የሚጫወተው ሰው ቍጥሩን እያየ ከራሱ ይሞላዋል። ሃርፕሲኮርድ ፒያኖ የሚመስል መሣሪያ ሲሆን አውታሩ በመዶሻ የሚመታ ሳይሆን ከወፍ ላባ በተቀረጸ ጫፍ የሚነካ ነው፤ ጣት ቢጠነክርም ቢላላም የድምፁ ኀይል እምብዛም አይለወጥም። የቫዮሊኖቹም አውታር እንደ በገናችን ከአንጀት የተሠራ ነበር። እንግዲህ የባሮክ ድርሰት በተጫዋቹ እጅ የሚፈጸም ሥራ ነው፤ እንዳለ አቀረብነው የሚል ሰው ቢኖር ያ «እንዳለ» የሚለው ቃል ራሱ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

በዚህ ረገድ ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 ያወጣው «ባሪ ሊንደን» ከሌሎቹ ይልቅ መርማሪን የሚያቆም ምሳሌ ነው። በዐሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አንድ አየርላንዳዊ ወጣት በጦር ሜዳ፥ በቁማርና በጋብቻ እንዴት ከፍ እንዳለና እንዴት እንደ ወደቀ የሚተርክ ሲሆን ታሪኩ በ1789 ያበቃል። አዘጋጁ ስለ ዘመኑ መልክ እጅግ የሚጨነቅ ሰው ነበር፤ በሻማ ብርሃን የሚታዩትን ትዕይንቶች ያለ ኤሌክትሪክ መብራት ለማንሣት ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት የተሠራ ሌንስ ፈልጎ እስከ ማግኘት ደርሷል። ሙዚቃውን ያቀነባበረው ሌናርድ ሮዘንማን ሲሆን በዚሁ ሥራ የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። በመግቢያውና በሽጉጥ ፍልሚያው ላይ የሚሰማው በ1733 የታተመ የሄንደል ሳራባንድ ነው። የፍቅሩ ዜማ ግን ሹበርት በ1827 ለፒያኖ፥ ለቫዮሊንና ለቼሎ ከጻፈው ሥራ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ይህም ታሪኩ ካበቃ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ የተጻፈ መሆኑ ነው።

የተለመደው ፍርድ ሄንደል ትክክል፥ ሹበርት ስሕተት የሚል ነው። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምር ፍርዱ መገልበጥ ያለበት መስሎ ታይቶናል። ሳራባንዱ የተጻፈው አንድ ሰው በእልፍኝ ተቀምጦ በአንድ ሃርፕሲኮርድ እንዲጫወተው ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው ግን የብዙ አውታሮች ኅብረት ነው፤ ከሥሩም ትልልቅ ከበሮዎች እንደ ልብ ትርታ ይመታሉ። ይህ አቀነባበር የ1733 ሳይሆን የ1975 ነው። ሹበርት በተቃራኒው ራሱ በመረጣቸው በሦስቱ መሣሪያዎች ይሰማል። ስለዚህ ቀኑ የቀደመው ድርሰት አዲስ ድምፅ ለብሶ፥ ቀኑ የዘገየው ድርሰት የቀድሞ ልብሱን እንደ ለበሰ ቀርበዋል ማለት ነው። ተመልካቹ ያለ ጥያቄ የሚያምነው ግን ሄንደልን ነው።

ኩብሪክ ራሱ ይህን አልሸሸገም። ከፈረንሳዊው ሐያሲ ከሚሼል ሲማን ጋር ባደረገው ንግግር የክፍለ ዘመኑን ሙዚቃ በሸክላ ሰብስቦ ሲያዳምጥ ለአሳዛኝ ፍቅር የሚስማማ ዜማ እንዳጣ፥ ሳራባንዱንም መጀመሪያ በጊታር ሰምቶት የኢጣልያዊውን የፊልም ሙዚቃ ደራሲ የኤኒዮ ሞሪኮኔን ሥራ እንዳስታወሰው ተናግሯል። ከሄንደል ውስጥ የወደደው ዘመናዊ የመሰለውን ነገር ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በዚያ ዘመን አሳዛኝ የፍቅር ዜማ የለም የሚለውን ግን ሳንፈትን አንቀበለውም። ግሉክ በ1762 በቪየና ያቀረበውን የኦርፌዎን ኦፔራ እንውሰድ። ሚስቱን ከሙታን አገር ሊያወጣ ወርዶ መልሶ ያጣት ባል በዚያ ኦፔራ የሚያሰማው ልቅሶ በመላው አውሮፓ የታወቀ ነው፤ ዘመኑም በትክክል የባሪ ሊንደን ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ያ ልቅሶ የተጻፈው የዛሬ ጆሮ ከደስታ ጋር በሚያያይዘው በሜጀር ስልት ነው። ኤድዋርድ ሃንስሊክ የተባለው የቪየና ሐያሲ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚሁ ዜማ የደስታ ቃል ቢገባበት እንደሚስማማው አመልክቷል። ግሉክ ከሞተ መቶ ዓመት ሳይሞላ የገዛ አገሩ ጆሮ ተለውጦ ነበር ማለት ነው። ኩብሪክ ያጣው ኀዘኑን ሳይሆን በ1975 ያለ ተመልካች ኀዘን ነው ብሎ የሚለየውን ድምፅ ነው። የዘመናችን ደራሲ በታሪክ ፊልም ውስጥ የሚገባበት በር ይህ ይመስለናል፤ ልብሱን ማየት አይን ከበቃ፥ ልቅሶውን ለመረዳት ግን ጆሮ አስተርጓሚ ይፈልጋል።

አስተርጓሚነቱን በሌላ መንገድ የፈጸመው እንግሊዛዊው ማይክል ናይማን ነው። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በሰርስተን ዳርት ሥር የባሮክን ሙዚቃ ያጠና በመሆኑ ነገሩን ከውጭ የሚያይ ሰው አልነበረም። ፒተር ግሪነዌይ በ1982 ባወጣው «የሠዓሊው ውል» በተሰኘው ፊልም አንድ ሠዓሊ የአንድን ርስት ዐሥራ ሁለት ሥዕሎች ሊነድፍ ይዋዋላል፤ ጊዜው 1694 ነው፥ ፐርሰል ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት። ፐርሰል እጅግ ከሚወዳቸው አሠራሮች አንዱ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ጥቂት ኖታዎችን ሳያቋርጥ እየደጋገመ፥ በላይ ያለው ዜማ በየዙሩ የሚለዋወጥበት ነው። ተቀባዮች አንዱን ቃል እየመለሱ አውራጁ ግጥሙን እንደሚለዋውጠው ያለ ነው ብንል ንጽጽሩ ፍጹም ባይሆንም ነገሩን ለመያዝ ይረዳል።

ናይማን የፐርሰልን ተደጋጋሚ መሠረቶች ወስዶ ለሳክስፎንና ለኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ሰጣቸው። በመጀመሪያው አሳብ ሥዕሉ እያደገ ሲሄድ ሙዚቃውም አብሮ እንዲያድግ ታቅዶ ነበር። ፐርሰል በ1691 ካቀረበው «ንጉሥ አርተር» የተወሰደው አንዱ ቍራጭ በፊልሙ መግቢያ አካባቢ ሲነሣ እንዲህ ያለ ድምፅ በ1694 ሊኖር እንደማይችል ማንም ይረዳል፤ ሳክስፎን በፓሪስ የተመዘገበው በ1846 ነውና። የሚገርመው ግን አሠራሩ ከኩብሪክ ሄንደል ይልቅ ወደ ባሮክ የቀረበ መሆኑ ነው። የሌላውን ሰው መሠረት ወስዶ በላዩ መሥራት በዚያ ዘመን እንደ ነውር አይቈጠርም ነበር፤ ሄንደል ራሱ ከሌሎች ብዙ መውሰዱ የታወቀ ነው። ናይማን በፐርሰል ላይ ያደረገው የባሮክ ደራሲዎች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን ነው። በፊልሙ ውስጥም ሠዓሊው ያየውን ብቻ እንደሚነድፍ የሚመካ ሰው ሲሆን ሥዕሎቹ እርሱ ያላስተዋለውን ወንጀል ይመሰክራሉ፤ ይህን የሰነድ መርማሪ ሁሉ ቢያስብበት መልካም ነው።

አዲስ ድርሰት አናስገባም ያሉም አሉ። ስትሮብና ዊዬ በ1968 ስለ ባክና ስለ ባለቤቱ ባዘጋጁት ፊልም ራሱ የሃርፕሲኮርድ ሊቅ የሆነው ጉስታቭ ሌዮንሃርት ባክን ሆኖ ተጫውቷል፤ ሙዚቃውም ከሥዕሉ ጋር በአንድ ጊዜ ተቀድቷል። አለን ኮርኖ በ1991 ስለ ማረን ማሬና ስለ መምህሩ ሳንት ኮሎምብ ባወጣው ፊልም ደግሞ ጆርዲ ሳቫል ከጕልበት መካከል ተይዞ በደጋን የሚጫወተውን ቪዮላ ዳ ጋምባ ለብዙ ሕዝብ አስተዋውቋል። ሁለቱንም እናከብራለን። ነገር ግን ይህ መሣሪያ በዐሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከጥቅም ወጥቶ በኋላ እንደ ገና የተነሣ ነው፤ አጨዋወቱም ከመጻሕፍትና ከሙከራ የተገኘ የዘመናችን ትምህርት ነው። የባሮክ ተጫዋቾች ዛሬ «ላ» የሚባለውን ኖታ የሚያስተካክሉበት 415 የንዝረት ልክ እንኳ ለምቾት የተስማሙበት ነው፤ በጥንቱ ጊዜ ልኩ በየከተማው ይለያይ ነበር። ከዘመናዊው ኦርኬስትራ 440 ጋር ግማሽ ድምፅ ያህል ስለሚራራቅ ሁለቱን ባንድነት ሊያሰማ የሚፈልግ ደራሲ አንደኛውን ወገን ለሌላው ማስገበር ግድ ይሆንበታል።

በቅርቡ ዮርጎስ ላንቲሞስ በ2018 ስለ ንግሥት አን ባወጣው ፊልም ሄንደልንና ቪቫልዲን ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ደራሲዎች ከመሲያንና ከሉክ ፌራሪ አጠገብ አስቀምጧቸዋል። ስፌቱ በግልጽ ስለሚታይ የሚታለል ሰው የለም፤ ስለዚህ ብዙ አናክልበትም።

የሚያሠጋን ስፌቱ የማይታየው ነው። ዤራር ኮርቢዮ በ1994 ስለ ዝነኛው ዘፋኝ ስለ ፋሪኔሊ (1705–1782) ፊልም ሲያዘጋጅ፥ በልጅነታቸው እየተሰለቡ የሚዘፍኑ ወንዶች ከጠፉ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ ድምፁን የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ዴሬክ ሊ ሬጊን የተባለ ወንድና ኤቫ ማላስ ጎድሌፍስካ የተባለች ሴት ዘፍነው፥ በፓሪስ በሚገኘው ኢርካም በተባለው የሙዚቃ ምርምር ተቋም ሁለቱ ድምፆች በኮምፒዩተር እየተቈራረጡ አንድ ሆኑ። ኦርኬስትራው በክሪስቶፍ ሩሴ መሪነት የዘመኑን መሣሪያ ይዟል፥ ድርሰቶቹም የባሮክ ናቸው፤ ድምፁ ግን በምድር ላይ ከቶ ያልነበረ ሰው ድምፅ ነው። በዚያም ላይ ፋሪኔሊ የሄንደልን ዜማ ከ«ሪናልዶ» ሲዘፍን ይታያል፤ በታሪክ ግን ፋሪኔሊ በ1734 ለንደን ሲገባ የዘፈነው ለሄንደል ተቀናቃኝ ቡድን ነበር። ሳክስፎኑ ሐሰቱን በግልጽ ሲናገር ይህኛው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

ከእነዚህ ዘፋኞች መካከል ድምፁን ለብቻው በሸክላ ያስቀረ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም በ1902ና በ1904 በሮም የተቀዳው አሌሳንድሮ ሞሬስኪ ነው። ሰነዱ እውነተኛ ነው። የፋሪኔሊን ድምፅ ፈልጎ የሚያዳምጠው ሰው ግን የሚሰማው ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተተ በሲቃ የሚያዜም ሰው ነው፤ ይህም የባሮክ ሳይሆን ሞሬስኪ ያደገበት የዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኢጣልያ አዘፋፈን ነው።