አደራ በልቅሶ ብቻ አይፈጸምም

ሰው ሲሞት ማልቀስና ስሙን በምስጋና ማንሣት የኹሉም አገር ልማድ ነው፤ የሚያስነቅፍም አይደለም። ነገር ግን የሟቹ እውነተኛ ወዳጅ ማን እንደ ነበረ የሚታወቀው በቀብሩ ቀን ሳይኾን፥ ድንኳኑ ተነቅሎ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፥ ልጁ በማን ቤት እንዳደረ ሲጠየቅ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚኾን ታሪክ በአውስትራልያ አገር ተፈጽሟል።

በዚያ አገር ኳሱ ሞላላ፥ በየወገኑ የሚሰለፉትም ዐሥራ ስምንት የኾኑ፥ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የእግር ኳስ ዐይነት አለ። ሮን ባራሲ የሚባል ሰው በዚህ ጨዋታ ለሜልቦርን ቡድን ይሰለፍ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በሴፕቴምበር 28 ቀን 1940 ቡድኑ ሪችመንድን 107 ለ68 አሸንፎ የዓመቱ ሻምፒዮን ሲኾን እርሱም አብሮ ነበረ። ከዐሥር ወር በኋላ ግን፥ በጁላይ 31 ቀን 1941፥ የጀርመንና የኢጣልያ ጦር ከቧት በነበረችው በሊቢያዋ በጦብሩክ ወድቆ ቀረ። እንደ አባቱ ሮን የሚባለው ልጁ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረ።

ኖርም ስሚዝ የሟቹ የቡድን ጓደኛ ነበረ፤ በ1940ውም ድል አብረው ነበሩ። ልጁ ከፍ ካለ በኋላ እናቱ ሌላ ባል አግብታ ወደ ታስማንያ ደሴት ስትሄድ፥ ስሚዝ ወጣቱን ተቀብሎ በቤቱ አኖረው። በዚያ ዘመን ተጫዋች የሚገባው ለሚኖርበት ሰፈር በተመደበው ቡድን ነበር። ኾኖም ልጅ አባቱ በተጫወተበት ቡድን እንዲገባ የሚፈቅድ ደንብ ወጥቶ ስለ ነበር፥ ወጣቱ በ1953 ለሜልቦርን ተሰለፈ፤ ቆይቶም የአባቱን 31 ቁጥር ለበሰ። አሠልጣኙም ስሚዝ ነበረ። በ1955፥ በ1956፥ በ1957፥ በ1959፥ በ1960ና በ1964 ስድስት ጊዜ አብረው ሻምፒዮን ኾኑ።

ምናልባት፥ «ቡድኑ ጐበዝ ተጫዋች አገኘበት፤ ይህ ጥቅም እንጂ ምን ቸርነት አለው?» የሚል ይኖር ይኾናል። ቡድኑ መጠቀሙ እውነት ነው። ዳሩ ግን ያደገ ልጅ የአሳዳጊው ንብረት አይደለም። ባራሲ ከ1964 ውድድር በኋላ ወደ ተቀናቃኙ ወደ ካርልተን ሄደ፤ አሠልጣኝም ኾኖ በ1968ና በ1970 ለድል አበቃው። በ2023 በ87 ዓመቱ እስኪያርፍም ድረስ ስሙ በአገሩ የተከበረ ነበር። እንግዲህ ያ ቤት ያሳደገው ሰው ለሌላም ቤት ተረፈ ማለት ነው።

በሐውልት ላይ ስም ለመጻፍ ድንጋይና መሮ ይበቃል፤ ሰው ለማሳደግ ግን መኝታ፥ እንጀራ፥ ተግሣጽና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። የጓደኛውን ምስጋና እየደረደረ ልጁን በደጅ የሚያሳልፍ ሰው፥ ቃሉ ቢያምርም አደራ በላ ከመባል አይድንም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ወዳጅህ የሞተብህ እንደ ኾነ፥ እንባህን ካበስህ በኋላ ልጆቹ የት እንዳደሩ ጠይቅ።