ጥሪት ከአያት እስከ ልጅ ልጅ፦ የሲሪንቃ አርሶ አደር ገንዘቡን የት ያውላል?

በሲሪንቃና በአካባቢው ቀበሌዎች የማኅበር ጉባኤ ተጠርቶ ተጨማሪ ዕጣ ስለመግዛት ሲነሳ ሁለት ጥያቄዎች ይሰማሉ። አዛውንቱ «ሲቸግረኝ ብሩ ይመለስልኛል ወይ?» ይላሉ። ወጣቱ «ዘንድሮ ስንት ያተርፋል?» ይላል። ብዙ ጊዜ አንዱ ኋላ ቀር፣ ሌላው ችኩል ተብሎ ይታለፋል። ታሪኩ ሲታይ ግን ሁለቱም ኑሮ ያስተማራቸውን ነው የሚናገሩት።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት ጢሰኛ ሆኖ የሚያርሰው ገበሬ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር፤ በተፈለገም ጊዜ ይነሳል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ለሌላ ሰው መድከም ነው። ስለዚህ ጥሪቱን በሚነዳና በሚደበቅ ነገር ላይ አዋለ፤ በሬና ላም አረባ፣ ማሽላውን በጉድጓድ ቀበረ። የክፉ ቀን ዋስትናው ወንፈልና ቅሬ ነበሩ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ግን ከብቱም አለቀ። ሳይከሳ የሸጠ እህል ገዛ፤ የዘገየ ቆዳ ብቻ ቀረው። «ሲቸግረኝ ይመለስልኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጢሰኝነትን አስቀረ። ሆኖም መሬት በየጊዜው ይሸጋሸግ ስለነበር ዛሬ የያዘውን ማሳ ነገ ስለመያዙ እርግጠኛ የሆነ አልነበረም። በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ በሬና መሬት በጋራ ሆነ። የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በ1982 ዓ.ም. ሲታወጅ አብዛኞቹ ፈረሱ። ማኅበር ሲባል የሚያመነቱ አባቶች ይህንን አይረሱም።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዝርያዎች የመጡትም ጥሪቱን እንዲህ በሚጠብቅ ገበሬ ዘንድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተለቀቀው ግራና አንድ ማሽላ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በሚያዝያ ተዘርተው ዘግይተው የሚደርሱት እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉ የአገር ማሽላዎች ዝናብ ሲያጥር ይከስራሉ። ቶሎ የሚደርሰው ዝርያ ድርቁን ያመልጣል፤ አገዳው ግን አጭር ነው። አባት «በሬዬ ምን ይበላል?» ብለው ቢጠይቁ እህሉን ብቻ ሳይሆን ከብቱንም መቁጠራቸው ነው።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ ነገሩን ለወጠ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ፣ ደብተር የያዘ አርሶ አደር ማሳውን መከተርና ማንጎ መትከል አያስፈራውም፤ ፍሬው የራሱና የልጁ ነውና።

ወጣቱስ? ብዙው የራሱ መሬት የለውም። በእኩል ወይም በኪራይ መሬት ይዞ፣ በሞተር ፓምፕ ውኃ ስቦ በጥቂት ወራት የሚደርስ ሽንኩርት ያለማል። ኪራዩ ሲያልቅ መሬቱን ይለቃልና ማንጎ አይተክልም። ስለዚህ ትርፉን በየወቅቱ ይቆጥራል። ልብ ያለ ሰው እዚህ ላይ አያቱን ያያል፤ በሰው መሬት ላይ የሚሠራ ሁሉ የሚያስበው አንድ ዓይነት ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አካባቢው ብዙ ንብረት አጥቷል፤ የምርምር ማዕከሉም ጉዳት ደርሶበታል። ከዚያ ወዲህ የአዛውንቱ ጥያቄ የወጣቱም ሆኗል።

እንግዲህ የዩኒየኑ በዓል ሲከበር ለሁለቱም መልስ መስጠት ይገባል። በኅብረት ሥራ መርህ አባል የቱንም ያህል ዕጣ ቢይዝ ድምፁ አንድ ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ እኩል ይጠይቃሉ ማለት ነው። ሒሳቡ በወቅቱ ተመርምሮ በጉባኤ ይነበብ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ሳይዘገይ ለአባል ይድረስ፣ ከማኅበር የሚወጣ አባል ዕጣው እንዴት እንደሚመለስለት ከመተዳደሪያ ደንቡ ተነቦ ይነገረው። አርሶ አደር ገንዘቡን የሚያውለው እንደሚመለስለት ባመነበት ቦታ ነው። ይህ ከሆነ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።