ፖታሲየም ያለው ፈሳሽ የቅጠል ማዳበሪያ አጠቃቀም

ፖታሲየም ተክል በውስጡ ያለውን ውሃ እንዲቆጣጠር፣ በቅጠሉ የተዘጋጀውንም ስኳር ወደ ፍሬና ወደ ሥር እንዲያደርስ የሚያስችል ንጥረ ነገር ነው። እጥረቱ አስቀድሞ በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ላይ ይታያል፤ ጠርዛቸው ይገረጣል፣ ቀጥሎም እንደተቃጠለ ሆኖ ይደርቃል። ቡና ፍሬው ሲሞላ፣ የጓሮ ቲማቲምም ፍሬ ሲይዝ ፍላጎታቸው ይጨምራል።

በቅጠል ላይ የሚረጨው ፈሳሽ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ነገር ግን ቅጠል የሚቀበለው መጠን ጥቂት በመሆኑ ለአፈር የሚሰጠውን ማዳበሪያ አይተካም። ፈሳሹን በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹህ ውሃ ይበጥብጡ፤ ከመጠን ካለፈ ቅጠል ያቃጥላል። በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይርጩ። በጠራራ ፀሐይ፣ በነፋስ ወይም ዝናብ ሊጥል ሲል አይርጩ። አስቀድመው በጥቂት ተክሎች ላይ ይሞክሩ።

በጌዴኦ ዞን ቡናውን በኦርጋኒክነት የሚያቀርብ አርሶ አደር ከመርጨቱ በፊት የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ይጠይቅ፤ ያልተፈቀደ ማዳበሪያ የምስክር ወረቀቱን ሊያሳጣው ይችላል። የቡና ገለፈት በፖታሲየም የበለጸገ ስለሆነ በኮምፖስት መልክ ወደ ማሳው ቢመለስ አፈሩ ያጣውን በከፊል ይተካል።