የጎደለው መሣሪያ፦ የቫይረሶች መባዛት በረሆቮት ጥናቶች ብርሃን

ቫይረስ በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚባዛ ሲነሳ የተለመደው አከፋፈል ቀላል ነው፦ ባለ ዲ ኤን ኤው ኒውክሊየስ ይገባል፣ ባለ አር ኤን ኤው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይቀራል። ለጀማሪ ተማሪ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረውም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አር ኤን ኤ ይዞ ኒውክሊየስ ይገባል፤ የፈንጣጣ ቫይረስ ዲ ኤን ኤ ይዞ ከኒውክሊየስ ውጭ ይባዛል። እኔ የምመርጠው መለያ ቫይረሱ በሕዋሱ ውስጥ የሚያጣው መሣሪያ ነው። ለዚህም ጠንካራ ማስረጃ የማገኘው፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ረሆቮት ካለው ከዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ነው።

የሰው ሕዋስ የቫይረስን አር ኤን ኤ አይቶ አር ኤን ኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም የለውም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ አር ኤን ኤ ደግሞ ፕሮቲን በሚሠራው በራይቦዞም በቀጥታ የማይነበብ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ገልባጩን ኢንዛይም በቅንጣቱ ውስጥ ይዞ ይገባል። የኮሮና ቫይረስ እንዲህ ያለ ስንቅ አያስፈልገውም። ወደ 30,000 ኑክሊዮታይድ የሚደርሰው አር ኤን ኤው ራሱ መልእክት ነውና ራይቦዞም ላይ ወጥቶ ገልባጩን ያስመርታል፤ መባዛቱ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ኢንፍሉዌንዛ የራሱ ገልባጭ እያለው ኒውክሊየስ የሚገባው፣ ለመልእክቶቹ መነሻ የሚሆነውን ጫፍ ከሕዋሱ አዳዲስ መልእክቶች ቆርጦ ለመውሰድ ነው።

በዲ ኤን ኤ በኩል አስደናቂው ሚሚቫይረስ ነው። አሜባን የሚያጠቃው ይህ ግዙፍ ቫይረስ 1.2 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ኑክሊዮታይድ አለው። በዋይዝማን የአብርሃም ሚንስኪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ቅርፊቱ በአንድ ማዕዘኑ በባለ አምስት ክንድ ኮከብ ቅርጽ ተከፍቶ ዲ ኤን ኤውን እንደሚለቅ አሳየ፤ በ2010 ደግሞ መባዛቱ በሳይቶፕላዝም እንደሚካሄድ አረጋገጠ። መገልበጫውን ይዞ የመጣ ቫይረስ ኒውክሊየስ ምን ያደርግለታል? ሚሚቫይረስ ለፕሮቲን ሥራ የሚያግዙ አንዳንድ ጂኖች ሳይቀር አሉት። ራይቦዞም ግን የለውም፤ የራሱን ራይቦዞም የሚሠራ ቫይረስም እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ የቫይረሱና የሕዋሱ ፍልሚያ ሁሉ ራይቦዞም ላይ ይደርሳል። የኮሮና ቫይረስ መልእክቶች ከሕዋሱ መልእክቶች በተሻለ ቅልጥፍና ይነበባሉ ብሎ መገመት ይቻል ነበር። በ2021 በኔቸር መጽሔት የወጣው የዋይዝማኗ የኖአም ስተርን ጊኖሳር ቡድን ጥናት ግን እንዲህ ያለ ብልጫ አላገኘም። ቫይረሱ የሚያሸንፈው ተወዳዳሪውን በማጥፋት ነው። ኤን ኤስ ፒ 1 የተባለው ፕሮቲኑ የሕዋሱን ፕሮቲን ምርት ያዳክማል፤ በሳይቶፕላዝም ያሉት የሕዋሱ መልእክቶች ይበጣጠሳሉ፤ አዲሶቹም ከኒውክሊየስ እንዳይወጡ ይታገዳሉ። የቫይረሱ መልእክቶች ከዚህ ጥፋት ስለሚተርፉ ራይቦዞሙን በብዛታቸው ይወርሱታል። ክፋቱ፣ ሕዋሱ ጥቃቱን ሲያውቅ የሚጽፋቸው የኢንተርፌሮን መልእክቶችም ወደ ፕሮቲን ሳይለወጡ መቅረታቸው ነው።

ሳይቶሜጋሎቫይረስ የተባለው ባለ ዲ ኤን ኤ ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ጥድፊያ የለበትም። ዲ ኤን ኤውን ኒውክሊየስ አስገብቶ፣ በአንዳንድ የደም ሕዋሳት ውስጥ ዕድሜ ልክ ሊያደፍጥ ይችላል። የስተርን ጊኖሳር ቡድን በ2018 እንዳሳየው፣ አድፍጦ ሳለ የሚገኙት ጥቂት መልእክቶቹ በመባዛት መጨረሻ ከሚበዙት ጋር ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ በዋናነት የመጠን ነው። ማድፈጡ ለሕክምና ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጋንሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት የሚያግደው የቫይረሱን ዲ ኤን ኤ ገልባጭ ስለሆነ፣ ሳይባዛ ያደፈጠውን ቫይረስ አይነካውም።